የጐርፍ መስመር ታሪክ፤ ከግራፍ ወረቀት እስከ ኮምፒዩተር ገጽ

ዝናም በተራራ ላይ ሲዘንም ወንዙ በሜዳ የሚሞላው ወዲያውኑ አይደለም። በመካከሉ የሚያልፈው ጊዜ ስንት ነው? ከወረደው ውሃስ ወደ ወንዙ የሚደርሰው ስንት እጁ ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የውሃ ምርመራ ሊቃውንት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የደከሙባቸው ናቸው። ዛሬ ድካሙን የተረከበው ኮምፒዩተር ነው፤ ተማሪው የተፋሰሱን ስፋት፥ የዝናሙን ልክና የአፈሩን ጠባይ አስገብቶ አንድ ቁልፍ ሲጫን፥ የጐርፉ መስመር ተስሎ ከፊቱ ይቀርብለታል። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ያ መስመር ከየት እንደ መጣና፥ መስመሩን ማየት ራሱን የቻለ ሥራ እንጂ የሒሳቡ ጌጥ አለመሆኑን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቁጥርን በጊዜ ተራ ደርድሮ በመስመር የማሳየት ልማድ የተስፋፋው ዊልያም ፕሌይፌር በ1786 የንግድ ሒሳብን በሥዕል ካሳተመ ወዲህ ነው። የወንዝ ሰዎች ግን ለብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ብቻ ይረኩ ነበር። በ1851 የአየርላንዱ መሐንዲስ ቶማስ ማልቫኒ ባሳተመው ጽሑፍ፥ ከተፋሰሱ እጅግ ሩቅ ቦታ የተነሣው ውሃ እስከ መውጫው ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ መሠረት አድርጎ፥ የጐርፉን ከፍተኛ ልክ ከዝናሙ ብርታትና ከመሬቱ ስፋት የሚያወጣበትን መንገድ አሳየ። ለትንሽ ድልድይ ይህ ይበቃል። ግድብ የሚሠራ ሰው ግን ውሃው መቼ እንደሚመጣና ስንት ሰዓት እንደሚቆይም ማወቅ አለበት፤ ይህን ደግሞ አንድ ቁጥር ሊነግረው አይችልም።

መስመሩን ራሱን የሒሳቡ መሣሪያ ያደረገው አሜሪካዊው ሌሮይ ሸርማን ነው። በ1932 ባሳተመው ጽሑፍ ሐሳቡ ይህ ነበር፤ በአንድ ተፋሰስ ላይ ለተወሰነ ሰዓት የዘነመ፥ ከአፈሩም ተርፎ የሚፈስ አንድ ኢንች ውሃ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ቅርጽ ያለው መስመር ይሰጣል፤ ትርፉ ውሃ እጥፍ ቢሆን የመስመሩ ከፍታ በእጥፍ ያድጋል፤ ዝናሙ ተከታታይ ቢሆን መስመሮቹ እንደየሰዓታቸው እየተንሸራተቱ ይደመራሉ። ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነ ተፋሰስ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ውሃ ከአፈሩ ተርፎ ቢፈስ ጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የጐርፉን መስመር ለማቅለል ሦስት ማዕዘን ብናደርገውና ጐርፉ በ10 ሰዓት ውስጥ ቢያልፍ፥ ጫፉ በሴኮንድ 55.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያው ውሃ በ5 ሰዓት ውስጥ ቢያልፍ ግን ጫፉ 111 ይደርሳል። ዝናሙ አልጨመረም፤ ውሃውም አልበዛም፤ ድልድዩ ግን የመጀመሪያውን ጐርፍ ችሎ ሁለተኛውን ላይችል ይችላል። እንግዲህ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት የውሃውን ብዛት፥ ቅርጹ ደግሞ የአደጋውን መጠን ይናገራል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ይህ ሁሉ በእጅ ይሠራ ነበር። መሐንዲሱ በግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እየጣለ፥ በማስመሪያ እያያያዘ፥ በመለኪያ ከተገኘው መስመር ጋር እያስተያየ ሲሠራ፥ ሳይወድ በግዱ እያንዳንዱን ሰዓት ያያል። ስሕተት ቢኖር እጁ ላይ ይሰማዋል። በ1938 ስናይደር፥ በ1945 ደግሞ ክላርክ ባወጧቸው መንገዶች መስመሩን ከተፋሰሱ ጠባይ ማውጣት ስለ ተቻለ፥ በተለይም የስናይደር መንገድ የውሃ መለኪያ በሌለበት ወንዝ ላይ እንኳ መስመር ለመሳል አስቻለ። ይህ ትልቅ ርዳታ ነበረ። ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንም ያልለካው ወንዝ ከተለካው ወንዝ ጋር በአንድ ዐይነት ቀለምና በአንድ ዐይነት እርግጠኝነት ይሳል ጀመር።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ኮር በ1964 በካሊፎርኒያ ግዛት፥ በዴቪስ ከተማ የሃይድሮሎጂ ምሕንድስና ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ በ1968 ያወጣው ሄክ-1 የተባለው ፕሮግራም የዝናሙንና የተፋሰሱን ቁጥሮች ከተበሱ ካርዶች ላይ ያነብ ነበር። ውጤቱንም የሚያወጣው በፊደል ማተሚያ ስለ ሆነ መስመር መሳል አይችልም ነበር፤ ስለዚህ በሒሳብ የተገኘውን ውሃ በፊደል፥ በመለኪያ የተገኘውን በኮከብ ምልክት እየነጠበ፥ ጊዜውን ከላይ ወደ ታች እያወረደ በረጅም ወረቀት ላይ ያትመዋል። ተመልካቹ ወረቀቱን አዙሮ ካልያዘው በቀር ጐርፉ ጐርፍ አይመስለውም። መልኩ አያምርም፤ እኔ ግን ይህን ወረቀት አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም ኮከቡና ፊደሉ በአንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ይቆሙ ነበር።

ማዕከሉ በ1979 የጀመረው የመዝገብ ሥርዐት እያንዳንዱን ተከታታይ ቁጥር ስድስት ክፍል ባለው ስም ያስቀምጣል፤ በዚህም አንዱ ፕሮግራም ያወጣውን ውጤት ሌላው አንሥቶ መሳል ቻለ። በመጨረሻም በ1998 ሄክ-ኤችኤምኤስ ወጣ። በዚህኛው የተፋሰሱ ካርታ በገጹ ላይ ይታያል፤ ተማሪው አንዱን ንዑስ ተፋሰስ ነክቶ ውጤቱን ሲጠይቅ ሁለት ክፍል ያለው ሥዕል ይከፈትለታል። በላይኛው ዝናሙ ከጣራ እንደሚወርድ ተገልብጦ ይሣላል፤ አፈሩ የወሰደው ክፍል በቀይ፥ የተረፈው በሰማያዊ ነው። በታችኛው ፈሳሹ በሰማያዊ መስመር ይሄዳል፤ በመለኪያ የተገኘ ቁጥር ከተሰጠ በጥቁር መስመር ይታከላል። ጫፉና ሰዓቱ፥ ጠቅላላው ውሃም በማጠቃለያ ሠንጠረዥ ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዐይንን የሚያታልሉ ነገሮች አብረውት መጥተዋል። አንደኛው፥ ፕሮግራሙ ሥዕሉን መስኮቱን እንዲሞላ አድርጎ ስለሚለካው፥ በሴኮንድ 5 ሜትር ኩብ የሚፈስ ምንጭና 500 የሚፈስ ወንዝ በመልክ እኩል ይሆናሉ። ሁለተኛው የጊዜው ርቀት ነው። ከላይ ያየነው ጫፉ 55.6 የሆነው ጐርፍ በአንድ ቀን ውስጥ ቢያልፍና ሥዕሉ የቀኑን አማካይ ብቻ ቢያሳይ፥ የሚታየው 11.6 ነው። ጐርፉ አልጠፋም፤ ተሸሸገ እንጂ። እኔም በመጀመሪያው ሥራዬ በዚህ ተታልያለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መስመሩን ጨርሶ ሳያዩ በአንድ ቁጥር መፍረድ ነው። ናሽና ሳትክሊፍ በ1970 ያወጡት መለኪያ፥ ሒሳቡ ከልኬቱ የራቀበትን መጠን ልኬቱ ከራሱ አማካይ ከራቀበት መጠን ጋር ያመዛዝናል፤ ፍጹም ስምምነት 1፥ ከአማካዩ ያልተሻለ ሒሳብ 0፥ ከዚያም የባሰው ከዜሮ በታች ነው። ቁጥሩ ጠቃሚ ነው። ዳሩ ግን ቅርጹና ጫፉ ትክክል የሆነ አጭር ጐርፍ ጥቂት ሰዓት ዘግይቶ ቢሳል ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ መስመሩን ያየ ሰው ግን ስሕተቱ በሰዓቱ ብቻ መሆኑን በአንድ አፍታ ይለያል። በ1973 የስታቲስቲክስ ሊቅ የሆነው ፍራንሲስ አንስኮም አማካያቸውና ዝምድናቸው አንድ ዐይነት የሆኑ አራት የቁጥር ስብስቦችን ቢስላቸው፥ አራቱም ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሆነው ተገኙ።

ይህ ነገር አገራችንን ይነካል። ዐባይ በክረምት፥ ይልቁንም በነሐሴ ገደማ እጅግ ይሞላል፤ በበጋ ደግሞ ይጐድላል። በክረምትና በበጋ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ሰፊ ስለ ሆነ የዓመቱ አማካይ ለማንም ደካማ ተወዳዳሪ ነው። ስለዚህ ወራቱን ብቻ ያወቀ፥ አንዱን ጐርፍ ከሌላው የማይለይ ሒሳብ እንኳ በናሽና ሳትክሊፍ መለኪያ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ተማሪው ይህን ለማወቅ የአንድ ክረምትን መስመር ለብቻው ዘርግቶ፥ ጫፍ በጫፍ ማስተያየት ይገባዋል። የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ በ1964 ስለ ዐባይ ተፋሰስ ያወጣው ሰፊ ጥናት በወንዝ ልኬት ላይ ብዙ የደከመውም ያለ ልኬት ምንም ማስተያየት ስለማይቻል ነው።

በትንንሾቹ ገባሮች ላይ ግን ዛሬም መለኪያ የሌለባቸው ብዙዎች ናቸው። ድልድይና የመስኖ ጠለፋ የሚሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ላይ ነው። በዚያ ስፍራ ፕሮግራሙ ሲከፈት ዝናሙ ከላይ ይወርዳል፤ ሰማያዊው መስመር ተስተካክሎ ይወጣል፤ ጫፉም እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ በሠንጠረዡ ተጽፎ ይገኛል። ጥቁሩ መስመር ግን የለም።