ወፍ እንዳገሯ

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላሉ አበው። በጉለሌ በጳውሎስ ሰፈር፣ በአንድ ወዳጃችን በረንዳ ላይ በሽቦ ቀፎ ውስጥ ያየናት ሰማያዊ ወፍ ግን እንዳገሯ ሳይሆን እንዳሳዳሪዋ ትጮኽ ነበር። «እንደምን አደሩ» ስትል ብንሰማ ሳናስበው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መለስንላት።

ይህች ትንሽ በቀቀን በጀሪጋር ትባላለች። የትውልድ አገሯ የአውስትራልያ መካከለኛ ደረቅ ምድር ነው። በዚያ አረንጓዴና ቢጫ ላባ ለብሳ፣ ከብዙ ሺህ ባልንጀሮቿ ጋራ ዝናብ የጣለበትን ስፍራ እየተከተለች ትዞራለች። ጆርጅ ሾ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1805 ዓ.ም. ስለ እርሷ ጻፈ፤ ጆን ጉልድም በ1840 ዓ.ም. ከነሕይወቷ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ በቀፎ ውስጥ እየተዋለደች በዓለም ሁሉ ተሰራጨች። ሰማያዊ ላባዋም ቢሆን በ1880 ዓ.ም. ግድም በቤልጅግ አገር በአርቢዎች እጅ የተገኘ ነው። እንግዲህ የወዳጃችን ወፍ እስከ ላባዋ ድረስ የቀፎ ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

የሚያስደንቀው ነገር በዚያው በ1805 ዓ.ም. ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ ወደ ትግራይ መምጣቱ ነው። በ1809 ዓ.ም. እንደ ገና ተመልሶ መጣ። የጉዞው መጽሐፍ በ1814 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ፣ ስታንሌይ የተባለው መኰንን ለአንዲት የደጋችን በቀቀን ዛሬ በኤርትራ ባለው በታራንታ ተራራ ስም የሳይንስ መጠሪያ አወጣላት። ይህ ሰው ኋላ የዳርቢ አርል ሆኖ በርስቱ ላይ እጅግ ብዙ እንስሳትና አዕዋፍ ሰብስቦ ያኖር ነበር።

የታራንታዋ በቀቀን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትውልድ ስፍራ የላትም። መልኳ አረንጓዴ ነው፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ሲሆን የሴቲቱ ግን እንዲሁ አረንጓዴ ነው። የጽድና የሾላ ፍሬ ትለቅማለች፤ በዛፍ ሽንቁርም ታድራለች። በአዲስ አበባ ጥንታውያን ዛፎች በተጠበቁባቸው ስፍራዎች በኅብረት ስትበር ትታያለች።

ወዳጃችን ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ባልንጀራ ትሆናት ዘንድ ከእነዚህ አንዷን ባስይዝስ?» ሲል ጠየቀን። እኛም አይሆንም አልነው። አንደኛ፣ የታራንታዋ ወፍ ምንቃረ ብርቱ ስለሆነች ደካማይቱን ታቆስላታለች። ሁለተኛ፣ በአየር የተወለደችውን ወፍ ወደ ቀፎ ማስገባት በቀፎ የተወለደችውን ከመመገብ ጋራ አንድ አይደለም። የዓለም መንግሥታትም በ1981 ዓ.ም. በቀቀኖችን፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ከአገር ወደ አገር በሚደረግ የንግድ ቁጥጥር ሥር ሲያደርጉ በጀሪጋርን የተዉአት ስለዚህ ልዩነት ነው። አገራችንም በ1989 ዓ.ም. የዚህ ስምምነት አባል ሆናለች።

ነገር ግን የወዳጃችን አሳብ ከርኅራኄ የመነጨ ነበር። በጀሪጋር በዱር ስትኖር የባልንጀሮቿን ድምፅ ትማራለች፤ አንድነታቸውም የሚታወቀው በዚህ ነው። ብቻዋን የቀረች እንደሆነ የሰውን ድምፅ ትማራለች። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ፐክ የተባለ በጀሪጋር እስከ ሞተበት እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ 1,728 ቃላት ያውቅ እንደ ነበር ተመዝግቧል። እኛ የምንስቅበት ንግግር እንግዲህ ወገን ፍለጋ ነው።

ስለዚህ ወዳጃችን እንደርሷ በቀፎ የተወለደች ሁለተኛ በጀሪጋር ገዛ። ቀፎውን አሰፋው፤ ከከሰልና ከዕጣን ጭስም አራቀው። ዛሬ ሁለቱ ሲንጫጩ ይውላሉ፤ ሰላምታው ግን እየተረሳ ሄዷል። ወዳጃችን ጥቂት ቅር ቢለውም አልተጸጸተም። እኛም ወፍ ለማሳደር የሚወድ ሁሉ ይህን እንዲያስብ እንመክራለን፤ የቀፎይቱ ወገኗን ታግኝ፣ የጽዷም ወፍ በጽዷ ላይ እንዳገሯ ትጩኽ።