«ኮር አይ 5» ሲባል የትኛው? የፕሮሰሰር መለያ

የፕሮሰሰር መለያ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር የትኛው ሞዴል፣ ስንተኛ ጀነሬሽንና የትኛው እትም እንደሆነ የሚታወቅበት የስም፣ የቁጥርና የፊደል ሥርዓት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በብዛት በሚሸጥበት የኢትዮጵያ ገበያ ዕቃው «ኮር አይ 5» ወይም «ኮር አይ 7» ተብሎ በአጭሩ ይጠራል። ይህ አጠራር የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። የልጁን ስም አይናገርም።

በጎንደር–መተማ መንገድ ላይ ለምትገኘው ኮኪት ጉዳዩ ከመርካቶ ይልቅ ይከብዳል። ሰሊጥ ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ለልጅ ላፕቶፕ መግዛት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ አደራ ይላል። ዘመዱም «ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው» ብሎ ይደውላል፣ ብር ይላካል፣ ዕቃው በመኪና ይመጣል። ስህተቱ የሚታወቀው ኮኪት ከደረሰ በኋላ ከሆነ መልሶ መላኩ ሌላ ወጪ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማየት የኢንቴል ሁለት ፕሮሰሰሮችን ማነጻጸር ይበቃል፤ አይ5-7200ዩ እና አይ5-8250ዩ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሁለተኛው በ2017 ወጡ። የሁለቱም ላፕቶፖች ስቲከር «ኮር አይ 5» ይላል፤ ሁለቱም 15 ዋት የሚፈጁ ናቸው። ይሁን እንጂ 7200ዩ ሁለት ኮር ሲኖረው 8250ዩ አራት አለው። ፍጥነትን በጊጋኸርዝ ብቻ የሚመዝን ገዢ ደግሞ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የ7200ዩ መነሻ ፍጥነት 2.5 ጊጋኸርዝ፣ የ8250ዩ 1.6 ጊጋኸርዝ ነውና። በወረቀት ላይ አሮጌው የበለጠ ይመስላል። በተግባር ግን ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲጫነው አዲሱ ጥሎት ይሄዳል። ይባስ ብሎ የማይክሮሶፍት መስፈርት 8250ዩን ለዊንዶውስ 11 ሲቀበል 7200ዩን አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ስለዚህ መነበብ ያለበት ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው። በኢንቴል ኮር ስያሜ አራት አኃዝ ካለ የመጀመሪያው ጀነሬሽኑን ይናገራል፤ 8250 ስምንተኛ ነው። 10210 ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሥረኛ ይላሉ፤ 1135ጂ7 ደግሞ አራት አኃዝ ቢኖረውም በ1 ስለሚጀምር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይነበባሉ፣ አሥራ አንደኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደልም ትርጉም አለው፤ «ዩ» ኃይል ቆጣቢ፣ «ኤች» ከባድ ሥራ የሚችል፣ በዴስክቶፕ ላይ «ኤፍ» የራሱ ግራፊክስ የሌለው ማለት ነው። ጀነሬሽኑ እንኳ ሁሉን አይናገርም። 10210ዩ እና 1035ጂ1 ሁለቱም አሥረኛ ቢባሉም አንዱ በ14 ናኖሜትር፣ ሌላው በ10 ናኖሜትር የተሠሩ የተለያዩ ቺፖች ናቸው። የሌላው አምራች የኤኤምዲ ስም ደግሞ የበለጠ ያሳስታል። ራይዘን 5 7520ዩ ከስሙ አዲስ ቢመስልም ውስጡ ዜን 2 የተባለው የቆየ ንድፍ ነው፤ ይህን የሚናገረው ሦስተኛው አኃዝ ነው።

ማሽኑ ሲበራ ሙሉ ስሙን ማግኘት ቀላል ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ መጫን ታስክ ማናጀርን ይከፍታል፤ እዚያ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ገጽ ላይ ስሙም የኮሩ ብዛትም ይታያል። ይሁንና ዊንዶውስ መዝገቡ ውስጥ የሚያስቀምጠውን የፕሮሰሰር ስም በእጅ መቀየር ይቻላል፤ ስቲከር መለጠፍማ የማንም ሥራ ነው። ኮሮቹን መቁጠር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት «ሲስተምኢንፎ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ፋሚሊ፣ ሞዴልና ስቴፒንግ የሚሉ ቁጥሮች ይመጣሉ። ከላይ የተነጻጸሩት ሁለቱም ፋሚሊ 6፣ ሞዴል 142 ናቸው። የሚለያቸው ስቴፒንጉ ነው፤ የ7200ዩ 9፣ የ8250ዩ 10።

ስቴፒንግ ማለት የአንድ ቺፕ ንድፍ የታረመበት እትም ነው። ይህ ቁጥር የተራ ገዢ ጉዳይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1994 ነበር። አሜሪካዊው የሒሳብ ፕሮፌሰር ቶማስ ናይስሊ የፔንቲየም ፕሮሰሰር ማካፈል ላይ እንደሚሳሳት አስታወቁ። ማንም በቤቱ መፈተሽ ይችል ነበር፤ 4195835ን ለ3145727 ማካፈል ብቻ ነው። ጤነኛው ቺፕ 1.33382 ሲል ስህተት ያለበት 1.33374 ይላል። ኢንቴል መጀመሪያ ችግሩን ቢያቃልልም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለጠየቀ ሁሉ ሊቀይር ተስማማ፤ ወጪውም 475 ሚሊዮን ዶላር ተመዘገበ።

አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ፕሮሰሰሮችን መሸፈኑ በስልክም ያው ነው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ10 ሞዴል ቁጥሩ በ973ኤፍ ካለቀ ኤክሲኖስ 9820፣ በ973ዩ ካለቀ ስናፕድራገን 855 ይዟል። ስሙም መልኩም አንድ ነው።

ኮኪት ባለችበት ቆላ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የመተማ ሙቀት በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፕሮሰሰር ከገደቡ በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ለ7200ዩም ለ8250ዩም ገደቡ 100 ዲግሪ ነው። አየሩ ሲሞቅና ፋኑ አቧራ ሲሞላ እዚያ መድረስ ይቀላል። ስለዚህ እንደ ኮኪት ባለ አገር «ኤች» ተብሎ የተሸጠ ያረጀ ማሽን ፋኑ ሳይጸዳ የስሙን ያህል ላይሠራ ይችላል።

የ«ዩ» ፕሮሰሰሮች ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ በመሆናቸው ከተገዙ በኋላ ነቅሎ የተሻለ መትከል አይቻልም። አደራ የተሰጠው ዘመድ ብር ከመቁጠሩ በፊት ማሽኑን ያስበራ፣ ሙሉ ቁጥሩና የኮሩ ብዛት የሚታይበትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ሲያጋጥም ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።