ከጥብስ ቤት የተነሣው የቤዝቦል ሊግ



ይህ መጽሔት የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ሲዘጋጅ፣ እኛም ጥቂት አባላት ስለ ቤዝቦል ሊጋችን አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ተጠየቅን። በየዓመቱ የቤዝቦል ወቅት ከመከፈቱ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ወረቀቱ ተደርድሮ፣ በአዳራሹ ጥግ ላይ «አሥራ ሁለት! አሥራ ሦስት! አሥራ አራት ዶላር!» እያልን ስንጮኽ ያያችሁን ሁሉ፣ «እነዚህ ሰዎች ምን እየተሻሻጡ ነው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። የምንጫረተው በተጫዋች ላይ ነው። ተጫዋቾቹ ግን እኛን አያውቁንም፤ ገንዘቡም በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ገንዘብ ነው።

አብዛኞቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ፍቅር ነው። ቤዝቦልን ያወቅነው እዚህ አገር ከገባን በኋላ፣ አንዳችን በታክሲ ሬዲዮ፣ ሌላችን በሌሊት ፈረቃ፣ ሌላችን ደግሞ ልጃችንን ወደ ሜዳ ስናመላልስ ነው። ስለዚህ የጨዋታውን ታሪክ ስንጽፍ ባለቤት ነን ለማለት አይደለም። ጥቂት ወዳጆች ለመጫወት ብለው ያቋቋሙት ነገር እንዴት አድጎ ከእጃቸው እንደ ወጣ ማወቅ ለማንኛውም ማኅበር ይጠቅማል ብለን ስለምናምን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በዩኒቨርሲቲ መምህራን ዘንድ ነው። በ1960 ዊልያም ጋምሰን የተባለ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ምሁር፣ በሃርቫርድ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር «የቤዝቦል ሴሚናር» የሚል ስም የሰጡትን ጨዋታ ጀመረ። እያንዳንዱ ሰው በምናብ ገንዘብ ተጫዋቾችን ይመርጣል፤ በወቅቱ መጨረሻ ላይ የመረጣቸው ሰዎች በእውነተኛው ሜዳ ባስመዘገቡት ውጤት ይመዘናል። ጋምሰን በኋላ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ጨዋታውንም ይዞት ሄደ። እዚያም ሮበርት ስክላር የተባለ የታሪክ መምህር ገባበት። ከስክላር ተማሪዎች አንዱ ዳንኤል ኦክረንት ይባል ነበር፤ መምህሩ ስለ ጨዋታው ያወራውን ሰምቶ በልቡ አኖረው።

ኦክረንት ተመርቆ በመጻሕፍት ኅትመት ሥራ ተሰማራ። በ1979 መገባደጃ ላይ ወደ ቴክሳስ በአውሮፕላን ሲበር የጨዋታውን ደንብ በወረቀት ላይ አሰፈረ። ቀጥሎም በኒው ዮርክ ላሉ ወዳጆቹ አቀረበላቸው። እነዚህ የመጽሔትና የመጽሐፍ ሰዎች ምሳ ለመብላት የሚገናኙበት በማንሃታን የሚገኝ «ላ ሮቲሰሪ ፍራንሴዝ» የሚባል ምግብ ቤት ነበር። ሮቲሰሪ ማለት በፈረንሳይኛ ጥብስ ቤት ማለት ነው። ሊጉም በምግብ ቤቱ ስም ተጠራ። ምግብ ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ በአሜሪካ የቤዝቦል አፍቃሪዎች አፍ ላይ አለ።

የመጀመሪያው ጨረታ የተካሄደው በሚያዝያ 1980 ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ከኦክረንት ሌላ ግሌን ዋጎነር፣ ሊ አይዘንበርግ፣ ፒተር ጌተርስና ብቸኛዋ ሴት ቫለሪ ሳለምቢየር ይገኙበታል። የሚመርጡት ከናሽናል ሊግ ተጫዋቾች ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ናሽናል ሊግ 12 ቡድኖች ብቻ ስለ ነበሩት፣ ጥሩ ተጫዋች ለሁሉም አይደርስም፤ የጨረታው ሙቀትም ከዚህ የመጣ ነው።

ኋላ የተለመደው ደንብ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ባለ ቡድን 260 ዶላር ይሰጠዋል፤ በዚያም 23 ተጫዋቾች፣ ይኸውም 14 መቺዎችና 9 ወርዋሪዎች መግዛት አለበት። በአማካይ ለአንድ ሰው ከ11 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነው የሚደርሰው። ለያንዳንዱ ባዶ ቦታ ቢያንስ 1 ዶላር ማስቀረት ግዴታ ስለ ሆነ፣ ገና ምንም ያልገዛ ሰው ለመጀመሪያው ተጫዋች ከ238 ዶላር በላይ መጥራት አይችልም። በዚህ ጨዋታ የሚያስቸግረው ማን ጎበዝ እንደ ሆነ ማወቁ ሳይሆን ጎበዙን በስንት መግዛት እንደሚገባ ማወቁ ነው። ገበያ ወጥታ የወሩን አስቤዛ በተቆጠረ ብር የምትገዛ እናት ይህን ሒሳብ ከማናችንም ይልቅ ታውቀዋለች።

ውጤቱ የሚለካው በመጀመሪያ በስምንት መስፈርቶች ነበር። ለመቺዎች የመምታት አማካይ፣ ሆም ራን፣ ያስገቧቸው ነጥቦችና የሰረቋቸው ቤዞች፤ ለወርዋሪዎች ድል፣ ሴቭ፣ የተቆጠረባቸው አማካይ ነጥብ፣ እንዲሁም በአንድ ኢኒንግ ስንት ሰው ቤዝ ላይ እንዳደረሱ ይቆጠራል። አሥር ቡድን ቢኖር በየመስፈርቱ አንደኛው 10፣ የመጨረሻው 1 ነጥብ ያገኛል፤ ከፍተኛው ድምር 80 ነው። የመጨረሻውን የወርዋሪ መለኪያ ኦክረንት ራሱ ለዚህ ጨዋታ ብሎ የፈጠረው ሲሆን፣ ዛሬ «ዊፕ» በሚል ስም በቴሌቪዥን ስርጭት ሁሉ ይነገራል።

በዚህ ሚዛን የ1980ን ወቅት እንመልከት። የፊላደልፊያው ማይክ ሽሚት 48 ሆም ራን መታ፤ ይህን ማንም ያደንቃል። የሞንትሪያሉ ሮን ለፍሎር ግን የመታው 4 ሆም ራን ብቻ ሲሆን 97 ቤዞች ሰርቋል። ለጥብስ ቤቱ ሊግ ሰዎች ይህ ሰው ብቻውን አንድ መስፈርት የሚያሸንፍ ሀብት ነበር። በአንጻሩ በ1977 ዓ.ም. 52 ሆም ራን የመታው ጆርጅ ፎስተር በ1980 የመታው 25 ብቻ ነው። ኦክረንት በ1981 ስለ ሊጋቸው በጻፈው ጽሑፍ ርእስ ላይ፣ ፎስተር 36 ዶላር ያላወጣበት ዓመት ሲል ተሳልቋል። በትናንት ዝና የዛሬን ዋጋ የከፈለ ሰው እንደሚጸጸት እኛም በየዓመቱ በራሳችን ላይ አይተነዋል።

በሰኔ 1981 ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ስላደረጉ ከ700 በላይ ጨዋታዎች ተሰረዙ። የሚዘግቡት ያጡ ጋዜጠኞች ስለዚህ ጨዋታ መጻፍ ጀመሩ። በ1984 ደንቡ ከነ ቀልዱ በመጽሐፍ ታተመ፤ ጨዋታውም በየከተማው ተዛመተ። ያን ጊዜ ውጤቱ ከጋዜጣ እየተለቀመ በእጅ ይደመር ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተር በደቂቃ ይሠራዋል። መሥራቾቹ «ሮቲሰሪ» የሚለውን ስም በሕግ ስላስመዘገቡ፣ ሌሎች ነጋዴዎች «ፋንታሲ» በሚል ስም መነገድ ያዙ። በ2006 አንድ የሚዙሪ ፍርድ ቤት የተጫዋቾችን ስምና ውጤት ለዚህ ጨዋታ ለመጠቀም ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም ሲል ወሰነ፤ በ2007 ይግባኝ ሰሚው አጸናው፤ በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አልቀበልም አለ። ንግዱም ሰፋ። ኦክረንት ግን ራሱ በፈጠረው ሊግ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ቀረ። የመጀመሪያውን ዓመት ዋንጫ የወሰዱት ጌተርስና ዋጎነር ናቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ሊግ እንመለስ። ስንጀምር የተጻፈ ደንብ አልነበረንም፤ «እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን» አልን። በሦስተኛው ዓመት ሁለት አባሎቻችን በስልክ ተጫዋች ተለዋወጡ። ወሩ ሳያልቅ አንዱ «ሰጥተኸኛል» ሲል፣ ሌላው «አልሰጠሁህም» አለ። ወረቀት የለም፤ ምስክርም የለም። እነዚህ ሰዎች እዚህ አገር ሲገቡ አንድ ክፍል ተጋርተው የኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሣ ናቸው። ነገሩ በቀልድ ተጀምሮ ወደ ኩርፊያ ተለወጠ፤ በዚያ ክረምት ለቅሶ ቤት እንኳ ተለያይተው ሲቀመጡ አየን። ያስታረቋቸው የማኅበራችን ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ አባት ሁለቱንም አስቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ዕቁብ እንኳ ጸሐፊ አለው» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሊጋችን በሁለት ሰው ያልተፈረመ ልውውጥ አይጸናም። የጥብስ ቤቱ ሰዎችም «ሕገ መንግሥት» ብለው የጠሩት የተጻፈ ደንብ እንደ ነበራቸው ስንረዳ፣ ቀድመን ባወቅን አልን።

ይህን የምንጽፈው ስለ ቤዝቦል ብቻ አይደለም። ለዚህ መጽሔት የማኅበራችንን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ቃለ ጉባኤ ብንፈልግ የተሟላ ሆኖ አላገኘነውም። ከፊሉ በአንድ አባል ጋራዥ፣ ከፊሉ በሌላው ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዳንዱም የት እንዳለ አልታወቀም። የመጀመሪያውን የአዳራሽ ኪራይ እነማን እንዳዋጡ ሦስት ሰው ጠይቀን ሦስት የተለያየ መልስ አግኝተናል። ያዋጡት ሰዎች ምስጋና አልፈለጉም ይሆናል፤ ልጆቻችን ግን ሊያውቋቸው ይገባል። የጋምሰንና የኦክረንት ስም ያልጠፋው ነገሩን የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል።

ስለዚህ በቤታችሁ የቆየ ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ ወይም ቃለ ጉባኤ ያላችሁ አባላት ሁሉ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስረክቡልን በአክብሮት እንለምናለን፤ ቅጂ ተነሥቶለት ዋናው ይመለስላችኋል። በመጪው ጨረታችን ላይም ሁለት ቦታ ክፍት ነው። ቤዝቦል አላውቅም የሚል ሰው አይፈር፤ እኛም ስንጀምር አናውቅም ነበር። እርሳስና ማጥፊያ ይዞ ይምጣ፤ ቡናው ከእኛ ነው።

መልካም የአሥረኛ ዓመት በዓል!