ከሰማንያ ዓምድ ካርድ እስከ ፊደላችን፦ የቋሚ ስፋት ታሪክ



በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ስናዘጋጅ ስምን ወደ ግራ አስጠግተን ከኋላው ባዶ ቦታ እንሞላለን፤ ቁጥርን ግን ወደ ቀኝ እናስጠጋለን። ይህ ልማድ ከኮምፒውተር በፊት፣ በወረቀት ካርድም ይሠራበት ነበር።

ኸርማን ሆለሪት የፈለሰፈው የካርድ መቁጠሪያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1890 ለአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ዋለ። አይቢኤም በ1928 ያወጣው ካርድ 80 ዓምዶች ነበሩት፤ በአንዱ ዓምድ አንድ ፊደል ወይም አንድ አኃዝ ይበሳል። መሣሪያው መረጃን የሚለየው በዓምዱ ተራ ቁጥር ነበር። ስለዚህ ለስም 20 ዓምድ ከተመደበ፣ ስሙ አምስት ፊደል ቢሆንም የቀሩት 15 ዓምዶች ሳይበሱ ይታለፋሉ። ከ20 ፊደል የበለጠ ስም ደግሞ ማጠር ግድ ይሆንበታል።

ይህ ሥርዓት ከካርዱ ወደ ፕሮግራም ቋንቋዎች ተሻገረ። በ1957 የወጣው ፎርትራን ትእዛዞቹን ከ7ኛው እስከ 72ኛው ዓምድ ወሰነ። ኮቦልም ከፊደል መረጃ በስተቀኝ ባዶ ቦታ፣ ከቁጥር በስተግራ ዜሮ እንዲሞላ ደነገገ።

የዚህ ሁሉ መሠረት አንድ ያልተነገረ ግምት ነበር፤ ይኸውም አንድ ፊደል አንድ ዓምድ ነው፣ በኮምፒውተሩም ውስጥ አንድ ባይት ነው የሚል። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ግምቱ ችግር አልፈጠረም።

የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ግን የግምቱ ጉድለት ለእኛ ታየ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። «አበበ» ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ነው። የሲ ቋንቋ ፕሪንትኤፍ ይህን ስም በአሥር ስፋት እንዲያትም ሲታዘዝ ባይት ስለሚቆጥር፣ ሰባት ባዶ ቦታ መጨመር ሲገባው አንድ ብቻ ይጨምራል። «ገብረማርያም» በአሥር ባይት እንዲወሰን ሲታዘዝም «ገብረ» ይቀርና «ማ» ከመካከሉ ይሰነጠቃል፤ በስፍራው የማይነበብ ምልክት ይታያል።

ፓይተን 3 ፊደልን ይቆጥራል፤ ሆኖም በተለመደው የፊደል ቅርጽ «ጨ» ከ«ነ» ስለሚሰፋ ዓምዱ አሁንም ላይስተካከል ይችላል።

ስለዚህ ስፋት ስትወስኑ የምትቆጥሩት ባይት፣ ፊደል ወይስ ዓይን የሚያየው ስፋት መሆኑን አስቀድማችሁ ለዩ። በመዝገብ ላይ የሚቆረጠው የአንድ ሰው ስም ነውና።