ወላጅና መምህር ሲተዋወቁ፤ ከፔዳ እስከ አውራ አምባ



በስብሰባችን ላይ የልጆቻችን ትምህርት ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ የገንዘብ ነው። ደብተር ስንት ገባ፣ የደንብ ልብስ ማን ያሰፋል፣ የትምህርት ቤቱ መዋጮ ከየት ይመጣል እንላለን። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ጥያቄ አልንቀውም። ነገር ግን የሀገራችንን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ታሪክ ሳገላብጥ ከገንዘቡ እኩል የሚከብድ ሌላ ነገር አገኘሁ። ወላጅ፣ መምህርና ጎረቤት ተማምነው የያዙት ሥራ ትንሽ ገንዘብም ይዞ ፍሬ ሲያፈራ፣ እነሱ ሳይጠየቁ የተነደፈው ዕቅድ ግን ትልቅ ባለሙያና ትልቅ በጀት ይዞም ሲወድቅ እናያለን።

ከራሳችን ከተማ ልጀምር። ከሹም አቦ ተነሥተን «ፔዳ» ብለን ባጃጅ ስንሳፈር ስሙ ከየት እንደመጣ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ስሙ በእንግሊዝኛ «አካዳሚ ኦፍ ፔዳጎጂ» ተብሎ ይጠራ ከነበረው የመምህራን ተቋም የተወሰደ ነው። ተቋሙ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተው ያቋቋሙት ሲሆን ሥራ የጀመረው በ1965 ዓ.ም. ነው። ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ስለዚህም የመምህራን አሠልጣኞችንና ሱፐርቫይዘሮችን ብቻ ሳይሆን የጎልማሶች ትምህርት አደራጆችንና የገጠር ልማት መሪዎችንም እንዲያሠለጥን ታስቦ ነበር። ልጁን ለማስተማር የልጁን መንደር ማወቅ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ለባሕር ዳር አዲስ አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚሁ ተዘርቷል። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተጣምሮ የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ታሪክ ደግሞ የተቃራኒውን ትምህርት ይሰጠናል። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዘርፍ ጥናት በ1964 ዓ.ም. ተካሄደ። ጥናቱን የሠሩት የትምህርት ሚኒስቴር ሰዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ምሁራንና የውጭ አማካሪዎች ነበሩ። ብዙ ልጆች መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኙ የሚል በጎ ሐሳብ ነበረው። ሆኖም ውጤቱ ለሕዝብ ሲሰማ መምህራን ኑሯችን ተዘነጋ አሉ፤ ወላጆችም የድሀ ልጅ ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ መንገዱ ሊዘጋበት ነው ብለው ተቆጡ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለመተው ተገደደ። ያ አድማ የዘውዱን ሥርዓት ከጣሉት የአብዮቱ ግፊቶች አንዱ ነበር። ዕቅዱ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የምትልከው እናትና ጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆመው መምህር ሳይመክሩበት ስለተዘጋጀ ቆሞ መሄድ አልቻለም።

ቀጥሎ የመጣው ደርግ ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን አካሄደ። ተማሪውና መምህሩ ዘመተ፤ ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ ቦታ አዘጋጀ፤ እናቶችና አባቶች ፊደል ቆጠሩ። ሀገራችንም በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። ዘመቻው ሕዝብ ሲንቀሳቀስ ምን ያህል ሩቅ እንደሚኬድ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ከላይ በትእዛዝ የሚመራ ስለነበረ፣ ጦርነቱና ድርቁ ሲበረቱና ትእዛዙ ሲላላ ሥራውም አብሮ ደከመ።

በትእዛዝ ያልመጣ ምሳሌ የምትፈልግ እህት ከጣና ማዶ ወደ ፎገራ ወረዳ ትመልከት። አውራ አምባ ከወረታ ከተማ ብዙ አይርቅም። ይህን ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ራሳቸው ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም። እሳቸውና አብረዋቸው የተሰባሰቡት ገበሬዎች ሴትና ወንድ እኩል ይሥሩ፣ የታመመና የደከመ ይረዳ፣ ልጅም ይደመጥ ብለው ተነሡ። በአካባቢያቸው ተጠሉ፤ በደርግ ዘመን እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር። በዚያች መሬት ማረስ እንደማያኖራቸው አይተው ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ዞሩ። ከዚያ ሁሉ ችግር ጋር የሕፃናት መማሪያ፣ ቤተ መጻሕፍትና የአረጋውያን መጦሪያ አቋቋሙ። በኋላም መደበኛ ትምህርት ቤት መጣላቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. ለዙምራ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

አውራ አምባ ልጅን የሚያስተምረው ከክፍል በፊት ነው። ቤተሰብ በየጊዜው ተቀምጦ ይወያያል፤ ልጅም የወላጁን ጥፋት በጨዋነት የመናገር መብት አለው። ቤቱ ውስጥ ጠይቆ መልስ ያገኘ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት አይፈራም። ጥናቱና የቤት ሥራውም የቤተሰብ ጉዳይ እንጂ የልጁ ብቻ ሸክም አይሆንም።

አሁን ወደ መላው ሀገር እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራሩ ወደ ታች እንዲወርድና ኅብረተሰቡ እንዲሳተፍ ደነገገ። በነሐሴ 1994 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ደግሞ የወላጅና መምህር ኅብረትንና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድን ሥራ ዘርዝሮ አስቀመጠ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የትምህርት ቤት መሻሻል መርሃ ግብር አራት ምሰሶዎች ይዞ መጣ፤ እነሱም መማር ማስተማር፣ አመራር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚላክ የድጎማ ገንዘብም ተጨመረ። በ1987 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ15 ዓመት በኋላ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

በሩ ተከፈተ፤ ንባቡ ግን አልተከተለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የሀገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሲነገር ሁላችንም ደነገጥን። ያ ውጤት ግን በአንድ ዓመት የመጣ አይደለም፤ ከታች ከፊደሉ ጀምሮ ሲጠራቀም የኖረ ዕዳ ነው።

አራቱ ምሰሶዎች ተጽፈው ሳለ ለምን እንዲህ ሆነ? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የክፍል መጣበብ፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህሩ ኑሮ ይጠቀሳሉ። እኔ ግን እኛ ልናስተካክለው በምንችለው ላይ ላተኩር። በብዙ ቦታ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ወይ መዋጮ ሲፈለግ ወይ ልጁ ሲያጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ የሚደርሳት እናት መምህሩን እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ወይም እንደ ከሳሽ ታየዋለች። መምህሩም ወላጅ ለልጁ ግድ የለውም ብሎ ያስባል። ኅብረቱ በወረቀት አለ፤ ሰዎቹ ግን አይተዋወቁም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አንተኒ ብራይክና ባርባራ ሽናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 መጽሐፍ አሳተሙ። በርእሰ መምህር፣ በመምህራንና በወላጆች መካከል ጠንካራ መተማመን ያለባቸው ትምህርት ቤቶች በሒሳብና በንባብ የመሻሻል ዕድላቸው ከሁለት አንድ ሆኖ ተገኘ። መተማመኑ ደካማ በሆነባቸው ግን ዕድሉ ከሰባት አንድ ብቻ ነበር። መተማመን የሚያድገው በአራት ነገር ነው ይላሉ፤ ሰው ሲከባበር፣ አንዱ ለሌላው ሲያስብ፣ እያንዳንዱ ሥራውን ሲያውቅና ቃሉን ሲጠብቅ።

እህቶቼ፣ እነዚህን አራቱን እኛ ከማኅበራችን እናውቃቸዋለን። የቁጠባ ገንዘባችን በአንዷ እጅ ሲያድር እንቅልፍ የሚወስደን መዝገቡ በሁላችን ፊት ስለሚነበብ ነው። አንዷ ስትቀር ከቅጣቱ በፊት «ምን አገኛት?» ብለን ቤቷ እንሄዳለን። የተበደረችው ስትቸገር አብረን እንመክራለን። ይህን ልማድ ወደ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ብንወስደው ምንም አዲስ መዋጮ አይጠይቀንም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ሳንጠራ በወር አንድ ቀን የልጃችንን መምህር እናግኝ፤ «ልጄ ምን አጠፋ?» ከማለታችን በፊት «በምን ላግዝዎት?» እንበል። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን የሒሳብ መዝገብ የሚያውቁ በወላጆች ኅብረት ውስጥ ይመረጡ፤ የትምህርት ቤቱ ገቢና ወጪ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ በትሕትና ይጠይቁ። የሚታይ ሒሳብ ሐሜትን ይቀንሳል፤ መምህሩንም ከጥርጣሬ ያድነዋል። ሦስተኛ፣ ማንበብ የሚችሉ ትልልቅ ልጆቻችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታናናሾቹን ሰብስበው ያስነብቡ። በየቆሎ ትምህርት ቤቱ ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ሲያስጠና የኖረበት ሀገር ነውና ይህ ለባህላችን እንግዳ አይደለም።

ነገሩን ዛሬ የሚያስቸኩለን ምክንያትም አለ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ከተማችን የመጡ እናቶችም በየሠፈራችን አሉ። ዓመት ያመለጠው ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ ስሙን የሚጠራ መምህርና ደብተሩን የሚያይ ጎረቤት ካላገኘ ተመልሶ ይወጣል። ለደጋፊዎቻችንም የምለው ይኸው ነው፤ የምትልኩት ደብተርና እርሳስ ዋጋ የሚያገኘው ልጁን የሚያውቅ ሰው እጅ ሲደርስ ነው። ያንን ሰው ማፍራት የእኛ ድርሻ ነው።