ልዑል ዓለማየሁ እና የፍሬሽዋተር ነጭ ገደሎች

አይል ኦፍ ዋይት ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ማዶ ያለች፣ ራሷን የቻለች ካውንቲ ናት። አገሬው በበጋ የሚጎርፍባት ለባሕር ዳርቻዎቿ ነው። እኔ ግን ከአገር ቤት ለንደን የሚመጣብኝን ዘመድ ይዤ የምሄደው ወደ ምዕራብ ጫፏ፣ ወደ ፍሬሽዋተር ነው። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ ሲገባ ያረፈው እዚያ ነውና።

ከባሕሩ ዳር ዳገቱን ስትወጡ ሣሩ አጭር ነው፤ ተረከዝ ሲፍቀው ከሥሩ ነጭ ጠመኔ ብቅ ይላል። ይህ ጠመኔ ደሴቲቱን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ሰንጥቆ ያልፍና ኒድልስ በተባሉት ሦስት የባሕር ላይ ዓለቶች ያበቃል። ድሮ አራት ነበሩ፤ ቀጭኑን እ.ኤ.አ. በ1764 ማዕበል ጣለው።

ዳገቱ የሚያወጣን ኮረብታ 147 ሜትር ከፍታ አለው። ገጣሚው ቴኒሰን በ1853 ከግርጌው መኖር ከጀመረ በኋላ በየጊዜው ይወጣበት ስለነበር ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በ1897 አናቱ ላይ የመታሰቢያ መስቀል ቆሞለታል። ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ደግሞ በ1860 ጎረቤቱ ሆነች። የዶሮ ቤቷን በመስታወት አስገጥማ ስቱዲዮ አደረገችው።

ዓለማየሁ በ1868 ሐምሌ በካሜሮን ካሜራ ፊት ሲቀመጥ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ ከሞቱ ሦስት ወር ነው፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በጉዞው መካከል አርፈዋል። ያመጣው ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ የሚሉት፣ አማርኛ የሚናገረው ሻምበል ስፒዲ ነው። በዚያው ወር ንግሥት ቪክቶሪያ እዚያው ደሴት ላይ ባለው ኦስቦርን ቤተ መንግሥቷ ተቀብላዋለች። በዚያ ዘመን ካሜራ ፎቶ ለመነሣት ሳይነቃነቁ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ግድ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሕፃን ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጡን ሳስብ ሆዴ ይባባል። በፎቶው ላይ የለበሰው የአገሩን ልብስ ነው፤ ዓይኖቹ ግን የልጅ ዓይን አይመስሉም።

ልዑሉ ከዚያ በኋላ ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሮ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረውም ዊንዘር ነው። አጽሙ ለአገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለም።

በእንግሊዝ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዊንዘር ሄደን እናለቅሳለን፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ዓለማየሁን በመቃብሩ ብቻ እንዲያውቁት አልፈልግም። ከእነርሱ ጋር እኩያ ሆኖ የኖረው ፍሬሽዋተር ነው። የካሜሮን ቤት ዲምቦላ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። መጀመሪያ እዚያ ይግቡ፣ ከዚያ ኮረብታውን ይውጡ፤ ልጆቹ የቴኒሰንን ስም መስቀሉ ላይ ሲያነቡ ወላጅ የዓለማየሁን ታሪክ ይንገራቸው።