የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሥራና ኃላፊነት

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በተለምዶ «ፋይናንስ» ተብሎ የሚጠራው ክፍል ገንዘብ ያዡን፣ የንብረት ባለሙያውንና ሒሳብ መዝጋቢውን በአንድ ላይ የያዘ ነው፡፡ ይሁንና ገንዘብ የሚይዝ እንዳይመዘግብ፣ የሚመዘግብም ገንዘብ እንዳይዝ መደረጉ የቁጥጥሩ ዋነኛ መነሻ ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመጨረሻውን፣ በቴክኒክና ሙያ ተቋም በሒሳብ ሠልጥኖ የሚቀጠረውን ሒሳብ ሠራተኛ ነው፡፡

በፌዴራል ደረጃ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 57/1989 በአዋጅ ቁጥር 648/2001 የተተካ ሲሆን፣ ይኸው አዋጅ በ2008 ዓ.ም ማሻሻያ ተደርጎበታል፡፡ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፡፡ የመንግሥት ሒሳብ ለረጅም ዓመታት በነጠላ አመዘጋገብ ሲያዝ ቆይቶ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ሁለትዮሽ አመዘጋገብና ወደተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ሒሳብ አያያዝ ተሸጋግሯል፡፡

ሒሳብ ሠራተኛው አንድ የክፍያ ጥያቄ ሲደርሰው አስቀድሞ የሚያጣራው በጀት መኖሩን፣ ወጪው በትክክለኛው የሒሳብ መደብ መጠየቁን፣ በሚመለከተው ኃላፊ መፈቀዱንና ማስረጃው መሟላቱን ነው፡፡ የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ በ6111፣ የውሎ አበል በ6231 ይመዘገባል፡፡ ዕቃ ተገዝቶ ከሆነ ንብረት ክፍል የተረከበበት ሞዴል 19 ከደረሰኙ ጋር መያያዝ ይኖርበታል፡፡ ደረሰኙ ዕቃው መሸጡን እንጂ መጋዘን መግባቱን አያረጋግጥም፡፡ ደመወዝ በአንጻሩ በየወሩ የሚደጋገም ሥራ ነው፤ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተሰልቶ ይቀነሳል፡፡ የመዋጮው መጠን ለሲቪል ሠራተኛ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ነው፡፡ ጳጉሜን እንደሚታወቀው የራሷ ደመወዝ የላትም፡፡

ሥራው የሚከብደው ቅድሚያ ክፍያ ላይ ነው፡፡ ለምሳሌ አንድ ባለሙያ ለ10 ቀናት የመስክ ሥራ በቀን 800 ብር ታስቦለት 8 ሺህ ብር ወሰደ እንበል፡፡ በዚያ ዕለት የባንክ ሒሳቡ በ8 ሺህ ብር ክሬዲት ሲደረግ፣ ዴቢት የሚደረገው ከሠራተኛው የሚፈለገው ተሰብሳቢ ሒሳብ እንጂ የወጪ መደቡ አይደለም፡፡ ባለሙያው በ8 ቀን ተመልሶ ማስረጃውን ሲያቀርብ 6 ሺህ 400 ብር በ6231 ወጪ ሆኖ ይመዘገባል፤ ቀሪው 1 ሺህ 600 ብር በደረሰኝ ተመላሽ ይሆናል፤ ተሰብሳቢውም ይዘጋል፡፡ ማወራረድ የሚባለው ይህ ነው፡፡

ማስረጃው ካልቀረበ ግን ሒሳቡ በስሙ ተከፍቶ ይቆያል፡፡ ሠራተኛው ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል፣ አልፎ አልፎም ይሞታል፤ ሰነዱ ይጠፋል፡፡ በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚቀርበው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት በወቅቱ ያልተሰበሰበ ሒሳብ ተደጋግሞ መነሳቱ ችግሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል፡፡ ለዚህ ተወቃሹ ብዙውን ጊዜ ሒሳብ ሠራተኛው ቢሆንም፣ የቀድሞውን ሳያወራርዱ አዲስ ቅድሚያ ክፍያ የሚፈቅዱ ኃላፊዎች ድርሻ ቀላል አይደለም፡፡

ጫናው የሚበረታው በሰኔ ነው፡፡ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የተረፈ በጀት እንዳይመለስ ሲባል ቅድሚያ ክፍያን እንደ ወጪ እንዲመዘግብ፣ ወይም ያልገባን ዕቃ እንደገባ ቆጥሮ እንዲከፍል የሚጠየቅ ሒሳብ ሠራተኛ ጥቂት አይደለም፡፡ ሕጉ ለእውነተኛው ችግር መውጫ አበጅቷል፡፡ እስከ ሰኔ 30 ዕቃው ተረክቦ ወይም አገልግሎቱ ተሰጥቶ ክፍያው ካልደረሰ በችሮታ ጊዜ ተከፋይነት ተይዞ እስከ ሐምሌ 30 ይከፈላል፡፡ ያልተረከቡት ዕቃ ግን በዚህ አይሸፈንም፡፡

በወረዳ ደረጃ ሁኔታው ይበልጥ ይከብዳል፡፡ የበርካታ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳብ በፑል አሠራር በአንድ ማዕከል ስለሚያዝ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ የበርካታ ኃላፊዎችን ጥያቄ ያስተናግዳል፡፡ አይቤክስና ኢፍሚስ የተባሉት የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ድምሩንና ሪፖርቱን ቢያቀሉለትም፣ ሰነዱ እውነተኛ ስለመሆኑ አይጠይቁለትም፡፡ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሒሳብ ሠራተኞች ያልተሟላ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በቃል ከመከራከር ይልቅ የጎደለውን ዘርዝረው በማስታወሻ ይመልሳሉ፤ ቅጂውንም ከሰነዱ ጋር ያያይዛሉ፡፡ ኦዲተር ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ሲከፍት ስለዚያ ክፍያ የሚያገኘው ማስረጃ ይኸው ወረቀት ነው፡፡